ስለ ጠንቋይ ክስ የሚተርክ ልቦለድ ጠቁሙን

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኛ ሰባት ሴቶች ነን፣ በወር አንዴ አንድ መጽሐፍ አንብበን እሁድ ከሰአት ቡና እየጠጣን እናወራበታለን። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ጠንቋይ ናችሁ ተብለው ስለተገደሉ ሴቶች የሚያወራ ልቦለድ ፈልገን አንዱን ስንጀምረው በመጥረጊያ መብረር፣ ድግምት፣ ከደም መጣጭ ጋር ፍቅር ምናምን ሆነብን። እኛ የፈለግነው በእውነት በሆነ ነገር ላይ የቆመ ነው። ደሞ አንዷ ጓደኛችን ስለ ጥንቆላ ማንበብ ራሱ ኃጢአት ነው ብላ ቅር ብሏታል። ምን እናንብብ? እንግሊዝኛችን መካከለኛ ነው። (ሰባቱ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቶቼ፣ መጀመሪያ ስለ ቃሉ ላውራ፣ ብዙ ሰው መጽሐፍ ሲመርጥ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነውና። ፈረንጆቹ "ዊች" ሲሉ እኛ ጠንቋይ ብለን እንተረጉመዋለን፣ ግን እኛ ሀገር ጠንቋይ ማለት ሰው ተደብቆ የሚሄድበት፣ ዶሮ የሚወስድለት፣ ብር የሚከፍለው፣ ቤቱ የሚታወቅ ሰው ነው። እዛ የተሰቀሉትና የተቃጠሉት አብዛኞቹ እንደዛ አልነበሩም። አንዷ አሮጊት ጎረቤቷ ጋ ወተት ልትለምን ትሄዳለች፣ ትከለከላለች፣ እያጉረመረመች ትመለሳለች፣ በሳምንቱ የጎረቤትየዋ ላም ትሞታለች፣ በቃ "እሷ ናት" ይባላል። ይሄ ለኛ የሚቀርበው ጠንቋይ ከሚለው ይልቅ ቡዳ ከሚለው ጋር ነው። እናቴ ባደገችበት ሰፈር አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበሩ፣ ሰው ሁሉ ጀበናውንም ምጣዱንም ከሳቸው ይገዛል፣ እሳቸው ሲያልፉ ግን ህጻናት ከደጅ ወደ ቤት ይገባሉ። እናቴ አሁን ድረስ ስታወራው ድምጿ ይቀየራል፣ ምክንያቱም እሷም ከገቡት ልጆች አንዷ ነበረች። ጎንደር አካባቢም ቤተ እስራኤሎች ብረት ስለቀጠቀጡና ሸክላ ስለሠሩ ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ እየተባሉ ኖረዋል። እንግዲህ እነዚህን መጻሕፍት ስታነቡ እኚህን ሴትዮ በአእምሯችሁ ይዛችሁ አንብቡ፣ መጥረጊያውን እርሱት።

ከ1450 እስከ 1750 ባለው ጊዜ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አውሮፓ ውስጥ በዚህ ክስ የተገደለው ሰው ከ40 እስከ 60 ሺህ እንደሚደርስ ታሪክ አጥኚዎች ይገምታሉ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

ለናንተ የመጀመሪያ ምርጫዬ የሪቭካ ጋልቸን ልቦለድ ነው፣ በ2021 የወጣ፣ ርዕሱ ወደኛ ሲመለስ "እናትህ ጠንቋይ መሆኗን ሁሉም ያውቃል" እንደማለት ነው። ፊዚክስ ክፍል ውስጥ የተማርነው ኬፕለር፣ ፕላኔቶች በፀሐይ ዙሪያ እንዴት እንደሚዞሩ ያወቀው ሰውዬ፣ እናቱ ካታሪና ጀርመን ሊዮንበርግ በምትባል ከተማ በ1615 ጠንቋይ ናት ተባለች። የከሰሰቻት አንድ የመስታወት ሠሪ ሚስት ናት፣ መራራ ነገር አጠጥታኝ ታመምኩ አለች። ከዛ በኋላ ምን መሰላችሁ የሆነው፣ ሰፈሩ ሁሉ የየራሱን ማስታወስ ጀመረ፣ አንዱ እግሬን ያመመኝ ያኔ ነው፣ ሌላው ከብቴ የሞተው እሷ ካለፈች በኋላ ነው፣ የአባቷን ራስ ቅል ከመቃብር አውጥታ በብር አስለብጣ ለልጇ ዋንጫ ልታሰራ ፈለገች ሳይቀር ተባለ። ሴትየዋ ከ70 ዓመት በላይ ሆኗት በሰንሰለት ታስራ 14 ወር ከረመች፣ ልጇ ሥራውን ትቶ መጥቶ መከላከያዋን በጽሑፍ አዘጋጀ፣ የማሰቃያ መሣሪያዎቹን አምጥተው ፊቷ ዘርግተው እመኚ ሲሏት አላምንም አለች። በ1621 ተለቀቀች፣ በዓመቱ ሞተች። ይሄ ሁሉ የሆነ ነገር ነው። ጋልቸን ያመጣችው ድምጹን ነው፣ ካታሪና ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ታሪኳን ለጎረቤቷ ስትናገርና እሱ ሲጽፍላት ነው የምናነበው፣ በመሀል በመሀል የጎረቤቶቹ የምስክርነት ቃል ይገባል። አነጋገሯ ቁጡ፣ ነገር አዋቂ፣ ላሟን የምትወድ የሰፈር እናት ነው፣ ሁላችሁም አንድ የምታውቋት ሰው ትመስላችኋለች። ልቤን የነካኝ ግን ምስክሮቹ ናቸው፣ ሁሉም ውሸታም አይደለም፣ አንዳንዱ በእውነት ፈርቷል፣ ቡና ላይ ረጅም ሰአት የምታወሩበት ይሄ ይመስለኛል።

ሁለተኛው "ዘ መርሲስ" ነው፣ የኪራን ሚልውድ ሃርግሬቭ፣ በ2020 የወጣ። በኖርዌይ ጫፍ ቫርዶ በምትባል ደሴት በ1617 የገና ዋዜማ ማዕበል ተነስቶ 40 ዓሣ አጥማጆች ሰጠሙ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማዕበሉን ያስነሳችሁት እናንተ ናችሁ ተብለው ሴቶች ተቃጠሉ። ልቦለዱ በመሀል ያለውን ጊዜ ነው የሚተርከው፣ ባል አባት ወንድም የሞተባቸው ሴቶች ራሳቸው ጀልባ አውጥተው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ሳይራቡ ይከርማሉ፣ ከዛ ጠንቋይ አሳዳጅ ሹም ሲመጣ ያ ጉብዝናቸው ራሱ ማስረጃ ይሆንባቸዋል። እንግሊዝኛው ትንሽ ግጥም ግጥም ይላል፣ ለመካከለኛ አንባቢ የመጀመሪያዎቹ 50 ገጾች ይከብዳሉ፣ ታገሱት። እዛ አካባቢ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ክስ 91 ሰው ተገድሏል፣ በ2011 ቫርዶ ላይ መታሰቢያ ተሠርቶላቸው ለያንዳንዳቸው አንድ መስኮትና አንድ አምፖል አለ። ከማንበባችሁ በፊት ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት፣ እኔ ካነበብኩ በኋላ አይቼው ነው የቆጨኝ።

ስለ ጓደኛችሁ፦ አታስገድዷት፣ አትከራከሯትም። ግን አንድ ነገር ንገሯት፣ ሁለቱም መጽሐፍ ውስጥ ድግምት የሚያስተምር ገጽ የለም፣ ያለው ሐሰተኛ ምስክርነት ሰው እንዴት እንደሚገድል ነው፣ "በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር" የሚለው ትዕዛዝ ደሞ የሷም ነው። ከዛ በኋላም ቅር ካላት የዛን ወር ቡናውን ትጠጣ፣ ሌላ ወር ሌላ መጽሐፍ አለ።

ጥያቄ፦ እኔ አሜሪካ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ልጄ 11ኛ ክፍል ናት፣ ትምህርት ቤት "ዘ ክሩሲብል" የሚባል ተውኔት እያነበበች ነው። ጠንቋዮቹ እውነት ነበሩ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ ምን ልበላት? ከሱ ቀጥሎስ አብረን የምናነበው አለ? (አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቦታውም ሰዎቹም እውነት ናቸው በላት። ማሳቹሴትስ፣ ሴለም፣ 1692። በጠንቋይነት ተከሰው 14 ሴትና 5 ወንድ ተሰቀሉ፣ ከ80 ዓመት ያለፈው ጋይልስ ኮሪ የሚባል ሽማግሌ ደሞ ፍርድ ቤቱን አልቀበልም ስላለ ደረቱ ላይ ድንጋይ እየተጫነበት ሞተ፣ እስር ቤት ውስጥም ቢያንስ 5 ሰው ሞቷል። የተቃጠለ ግን የለም፣ ይሄን ብዙ ሰው ይስተዋል። ልጅህ ልታስተውለው የሚገባው ትልቁ ነገር፣ አዎ ጠንቋይ ነኝ ብሎ ያመነ አልተሰቀለም፣ የተሰቀሉት አይደለሁም ያሉት ናቸው። ተውኔቱ ላይ የፈጠራ የሆነው ከከሳሾቹ ልጆች አንዷ በሆነችው በአቢጌልና ከተሰቀሉት አንዱ በሆነው በጆን ፕሮክተር መሀል ያለው የፍቅር ነገር ነው፣ በእውነት አቢጌል ገና 11 ወይ 12 ዓመቷ ነበር፣ ጆን ፕሮክተር ወደ 60 ይጠጋ ነበር፣ የተውኔቱ ጸሐፊ አርተር ሚለር ነው እሷን አሳድጎ እሱን ጎልማሳ ያረገው። በ1953 ለመድረክ ሲያበቃው አሜሪካ ውስጥ ኮሚኒስት ናችሁ እየተባሉ ሰዎች ስም እንዲጠሩ የሚገደዱበት ጊዜ ስለነበር፣ ያንን ለመናገር የ1692ን ልብስ አለበሰው።

ቀጥሎ የምትይዙት የማሪዝ ኮንዴን ይሁን፣ "እኔ ቲቱባ" ብሎ ይጀምራል ርዕሱ፣ ጓድሎፕ የተወለደች ጸሐፊ ናት፣ በ1986 በፈረንሳይኛ ጽፋው ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል። ቲቱባ በተውኔቱ ውስጥ ገብታ የምትረሳው ባሪያ ናት። መጀመሪያ ከተከሰሱት አንዷ ናት፣ አመነች፣ ከሞት ተረፈች፣ ከዛ ግን የእስር ቤቱን ወጪ የሚከፍል ጠፍቶ ከአንድ ዓመት በላይ ታሰረች፣ በመጨረሻ አንድ ሰው ከፍሎ ወሰዳት፣ ማን እንደሆነ መዝገቡ ላይ የለም። ኮንዴ ያንን ባዶ ቦታ ነው የሞላችው፣ ልጅነቷን ባርባዶስ ላይ ሰጥታ፣ ከሴለም በኋላ ያለውንም ዕድሜዋን ጽፋ። መዝገቦቹ ቲቱባን ቀይ ህንዳዊት (የአሜሪካ ነባር ተወላጅ) ነው የሚሏት፣ ኮንዴ ግን ጥቁር እናት ሰጥታታለች፣ ስለዚህ እንደ ታሪክ መጽሐፍ አትያዙት። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅህ፣ ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ በመርከብ ላይ አንዲት ሴት ትደፈራለች፣ ሌላም ለአዋቂ የሆነ ነገር አለው። አንተ ቀድመህ ጨርሰው፣ ከእናቷ ጋርም ተመካከሩበት፣ ከዛ እንደ ልጅህ ብስለት ዘንድሮ ወይ ለከርሞ ስጧት።