ላውደን ካውንቲ ድሮ ምን ነበር? ምሥራቁና ምዕራቡስ ለምን ተለያየ?

እህታችን፣ «ስተርሊንግ ወይስ ፐርሰልቪል አካባቢ ቤት እንግዛ? ደግሞስ ሁለቱም ላውደን ሆነው አንዱ ከተማ፣ አንዱ ገጠር የሆነው ለምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ላውደን ከዋሽንግተን ዲሲ በስተምዕራብ ያለ የቨርጂኒያ ካውንቲ ነው፤ ከተማ የሆነው ስተርሊንግ በምሥራቁ፣ ገጠር ያለው ፐርሰልቪል በምዕራቡ በኩል ነው። ስለ ዋጋውና ስለ ትምህርት ቤቱ ሌሎች በደንብ መልሰውልሻል። እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ ልሞክረው። ደለስ ኤርፖርት ታክሲ ስነዳ ቆይቻለሁ። ወደ ምዕራብ የምወስዳቸው አዛውንቶች መንገዱን ሙሉ «ይሄ የእከሌ የላም በረት ነበር፣ ያ የበቆሎ ማሳ ነበር» እያሉ ያጫውቱኛል። ነገሩ ሲይዘኝ የካውንቲው ዋና ከተማ ሊስበርግ ያለው ቶማስ ባልች ቤተ መጻሕፍት መመላለስ ጀመርኩ። የአካባቢው ታሪክ በብዛት የተሰበሰበው እዚያ ነው። አንቺም ግቢበት፣ ሰዎቹ ትሁቶች ናቸው።

አጭሩን መልስ ከፈለግሽ የፍሳሽ ቱቦ ነው። አትሳቂ፣ የምሬን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እነግርሻለሁ።

በ1900 ላውደን ውስጥ 21,948 ሰው ነበር። በ1950 ደግሞ 21,147። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ጭራሽ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። ሰው ሳይወለድ ቀርቶ አይደለም። ልጆቹ አድገው ወደ ከተማ ይሄዱ ነበር፤ በተለይ ጥቁሮቹ ወደ ዋሽንግተንና ወደ ሰሜን። የቀረው ስንዴና በቆሎ ያርሳል፣ ከብት ያረባል፣ ወተት ያልባል። ወተቱ በባቡር፣ በኋላም በመኪና ዋሽንግተን ይገባል። ዛሬ ሰዉ ብስክሌት የሚነዳበት የዳብሊው ኤንድ ኦዲ መንገድ ያ የባቡር ሐዲድ ነው። መንገደኛ ማመላለስ ያቆመው በ1951 ነው፤ ዕቃ መጫኑም በ1968 አበቃ።

ሀብታም አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ሚድልበርግ አካባቢ ከምዕተ ዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የሰሜን ባለገንዘቦች ፈረስና ውሻ ይዘው ለቀበሮ አደን ይመጡ ነበር። በ1905 የሁለት ሀብታሞች ውሾች የተወዳደሩበት ትልቅ የአደን ግጥሚያ ተደርጎ አገሩን በደንብ አስተዋወቀው። መሬት ገዙ፣ አጥር አጠሩ፣ ተቀመጡ። ይሄን ያዢልኝ፣ ምዕራቡ ለምን ገጠር ሆኖ እንደቀረ ስነግርሽ ያስፈልገናል። የአሜሪካ ጦር ኤታማዦር ሹም የነበረው ጄኔራል ጆርጅ ማርሻልም በ1941 ሊስበርግ ቤት ገዝቶ ነበር። ያ ሁሉ ጦርነትና የአውሮፓ መልሶ ግንባታ ዕቅድ ጭንቅላቱ ላይ እያለ፣ ሲመቸው አትክልቱን ይኮተኩት ነበር።

ቱሪስት የሚያነበው ጽሑፍ የሚያልፈው ሌላ ታሪክ ግን አለ። በ1902 ቻርልስ ክሬቨን የተባለ ጥቁር ሰው ሊስበርግ ውስጥ ሕዝብ ተሰብስቦ ያለ ፍርድ ገደለው። በ1933 ደግሞ ጆርጅ ክሮፎርድ የተባለ ጥቁር ሰው ሚድልበርግ ውስጥ ነጭ ሴት ገድለሃል ተብሎ እዚያው ሊስበርግ ፍርድ ቤት ቀረበ። የቆመለት ቻርልስ ሃሚልተን ሂዩስተን ነው፤ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ኃላፊ። አብረውት የቆሙት ጠበቆችም ሁሉ ጥቁሮች ነበሩ። በዚያ ዘመን ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ይሄ ተሰምቶ አይታወቅም። ከሕዝብ ተመርጠው ለፍርድ የተቀመጡት ሰዎች (ጁሪው) በሙሉ ነጮች ነበሩ። ክሮፎርድ ከሞት ተርፎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ ያኔ ይሄ እንደ ድል ተቆጠረ። የሂዩስተን ተማሪ የነበረው ተርጉድ ማርሻል በ1967 የጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆነ። ፍርድ ቤቱ ሊስበርግ መሀል ከተማ አሁንም ቆሟል።

የትምህርት ቤቱ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። ለጥቁር ልጆች ደህና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ወላጆች ማኅበር አቋቋሙ። ብር አዋጥተው ሊስበርግ ውስጥ 8 ኤከር ገደማ መሬት በ4,000 ዶላር ገዙ። ከዚያ መሬቱን ለካውንቲው በ1 ዶላር ሸጡለት፣ «በሉ አሁን ሥሩልን» ብለው። በ1941 ዳግላስ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ግብር ከፋይ ሆነው ሳለ መሬቱን ራሳቸው ገዝተው መስጠታቸው ነው። የጥቁርና የነጭ ልጆች ትምህርት ቤቶች በደንብ የተቀላቀሉት በ1968 ነው። በዚያው ዘመን ሊስበርግ ውስጥ አንድ የመዋኛ ገንዳ ነበር። ጥቁሮች እንዳይገቡበት ተብሎ በድንጋይና በሲሚንቶ ተደፈነ። ከዚያ በኋላ ነጩም ጥቁሩም ከ20 ዓመት በላይ ያለ ሕዝብ መዋኛ ኖረ። እልህ ማለት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ቱቦው። በ1958 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አዲሱ ኤርፖርት በላውደንና በጎረቤቱ ፌርፋክስ ካውንቲ ድንበር ላይ እንዲሆን ወሰኑ። መንግሥት 10,000 ኤከር ያህል ወሰደ፤ በኛ ልኬት 100 ጋሻ ገደማ ነው። ዊላርድ የሚባል፣ በአብዛኛው ጥቁሮች የሚኖሩበት መንደር እንዳለ ተነሣ። ዛሬ አውሮፕላኖቻችን የሚያርፉበት ግቢ የሰው ቀዬ ነበር። በኅዳር 1962 ኬኔዲ መረቁት።

ኤርፖርት ፍሳሽ አለው። ፍሳሹ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ቢለቀቅ ዋሽንግተን ከታች በኩል የምትጠጣውን ውኃ ይበክላል። ስለዚህ የፌዴራል መንግሥት ከደለስ እስከ ዋሽንግተን ማጣሪያ የሚደርስ ትልቅ ቱቦ ቀበረ። ቱቦው ደግሞ ኤርፖርቱ ብቻውን የሚሞላው አልነበረም። በዙሪያው ያለው የላም ግጦሽ በአንድ ጊዜ ቤት የሚሠራበት መሬት ሆነ። ገበሬው ከወተት በዓመት የማያገኘውን ገንዘብ መሬቱን ሸጦ አገኘ፣ ማን ይፈርድበታል! በ1961 ከ1,700 ኤከር በላይ እርሻ ተገዝቶ ስተርሊንግ ፓርክ ተጀመረ፣ ገንዘቡን ያወጣው የብረት ኩባንያው ዩኤስ ስቲል ነው። የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች በ1963 ገቡ። መጀመሪያ ለጥቁር አይሸጥም ነበር። ዛሬ ስተርሊንግ ሄደሽ ከሐበሻው፣ ከሕንዱና ከሳልቫዶሩ ጎረቤት ጋር ስትቀመጪ ይሄን ብታስታውሺው አይከፋም።

ከዚያ ቁጥሩን ያዥ ቢሉት የማይያዝ ሆነ። በ1970፦ 37,150። በ1990፦ 86,129። በ2000፦ 169,599። ዘጠናዎቹ ውስጥ የኢንተርኔት ኩባንያው ኤኦኤል መጣ፣ አዲስ የክፍያ መንገድ ተከፈተ፣ አሽበርን ላይ ዳታ ሴንተሮች ተተከሉ። ያን ታውቂዋለሽ፣ ጩኸቱም ይሰማሻል።

ምዕራቡስ? ያ ቱቦ ወደዚያ አልዘለቀም። ከከተሞቹ ውጭ ያለ ቤት በአብዛኛው በሴፕቲክ (ግቢ ውስጥ በተቀበረ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ) ነው የሚኖረው፤ አፈሩ ውኃ የማይመጥ ከሆነ ደግሞ ቤት ለመሥራት ፈቃድ ማግኘት ይከብዳል። በዚያ ላይ ፈረሰኞቹ ባለሀብቶችና ታሪክ ወዳዶቹ ገንዘብም ጠበቃም ነበራቸው። ዋተርፎርድ የምትባለዋ የኩዌከሮች (የአንድ ክርስቲያናዊ እምነት ተከታዮች) መንደር ከ1943 ጀምሮ ማኅበር አቋቁማ አሮጌ ቤቶቿን ስታድን ነው የኖረችው። ካውንቲውም በኋላ ምዕራቡ ላይ መሬት በትንሽ በትንሹ እንዳይሸነሸን ሕግ አወጣ። መልክአ ምድሩ መዳኑ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ቤት ለመሥራት ብዙ ኤከር መግዛት ግድ ሲሆን፣ እንደኛ ያለ ሰው በር ላይ ይቀራል። ይሄ የኔ አስተያየት ነው።

ስለዚህ ፐርሰልቪልን ስታዪ ቤቱ ከተማው ውስጥ ነው ወይስ ውጭ ብለሽ ጠይቂ። ከተማው የራሱ የውኃና የፍሳሽ መስመር አለው፣ ሒሳቡን ሻጩ እንዲያሳይሽ አድርጊ። ከከተማው ውጭ ከሆነ የውኃ ጉድጓዱንና ሴፕቲኩን በባለሙያ ሳታስመረምሪ እንዳትፈርሚ፤ ሴፕቲኩ ለስንት መኝታ ቤት እንደተፈቀደም እዪ። ማስታወቂያው አምስት መኝታ እያለ ፈቃዱ የሦስት የሆነበት ቤት አይቻለሁ። መሬቱ በእርሻ ስም የግብር ቅናሽ ያለው ከሆነ ደግሞ እርሻነቱ ሲቀር ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚከፈል ግብር አለ። ማን እንደሚከፍለው ውሉ ላይ ይጻፍ። ስተርሊንግ ከመረጥሽ ግን የስድሳዎቹ ቤት መሆኑን አትርሺ፣ ከግቢው እስከ መንገዱ ያለውን ቱቦ በካሜራ አሳዪው።