ቤቱ ለምን ረከሰ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለብዙ ዓመታት ስቆጥብ ቆይቼ አሁን የመጀመሪያ ቤቴን ለመግዛት ተዘጋጅቻለሁ። ያየሁት ቤት በስፋትም በአሠራርም ከሚመሳሰሉት፣ በሌላ ሰፈር ካሉ ቤቶች በግማሽ ያህል ይረክሳል። ደላላው «ካልፈጠኑ ሌላ ሰው ይወስደዋል» እያለ ያጣድፈኛል። ሐሳቤ ቤቱን አድሼ ማከራየት ነው። ርካሽነቱ ብቻ ለመግዛት በቂ ምክንያት ይሆናል?

መልስ፦ ደላላው የነገርዎት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የድካሙን ዋጋ የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም መሆኑን አይርሱ። ከመፍጠንዎ በፊት ቤቱ ለምን እንደረከሰ ይመርምሩ። ቤት የሚረክሰው ሻጩ ስለቸኮለ፣ ሕንፃው ስለተጎዳ፣ ሰነዱ ስለተወሳሰበ ወይም ሰፈሩን ነዋሪዎቹ ስለለቀቁት ነው፤ እነዚህ አራት ምክንያቶች ለገዢው ያላቸው ትርጉም ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ወራሾች ንብረት ለመከፋፈል ሲሹ ወይም ባለቤቱ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ሲቸኩል የሚገኘው ቅናሽ ለገዢው እውነተኛ ትርፍ ነው። ነገር ግን የሻጩን ችኮላ ሌሎች ገዢዎችም ስለሚያዩት እንዲህ ያለው ቅናሽ ብዙውን ጊዜ መጠነኛ ነው። ስለዚህ ዋጋው በግማሽ ወርዶ ሲያገኙት ችኮላ ብቻውን አያስረዳውም፤ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪኖችን ምሳሌ አድርጎ እንዳሳየው፣ ሻጭ የዕቃውን ጉድለት እያወቀ ገዢ በማያውቅበት ገበያ ገዢው ለተደበቀው ጉድለት ሲል ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል፤ ደህና ዕቃ ያላቸው ሻጮች ደግሞ በዚያ ዋጋ ስለማይስማሙ ይሸሻሉ። በቤትም እንዲሁ ነው፤ በጣም በረከሱት ቤቶች መካከል ጉድለት ያለባቸው ይበዛሉ። እዚህ ላይ ዓይን ያታልላል። የተላጠ ቀለም፣ የተሰበረ ንጣፍና ያረጀ የወጥ ቤት መደርደሪያ ቤቱን አስቀያሚ ቢያስመስሉትም በአነስተኛ ወጪ ይስተካከላሉ፤ መሠረቱ እየሰመጠ ያለ ቤት ግን አዲስ ቀለም ከተቀባ በኋላ ያማረ ሊመስል ይችላል። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድና በአንድ ጫፉ እየሰፋ የሚመጣ ስንጥቅ፣ መሠረቱ እኩል ባልሆነ ሁኔታ እየተቀመጠ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ነው። በቤቱ ውስጥ አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካዩ ምክንያቱን ይጠይቁ። ከተቻለ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሄደው ጣሪያውንና የግድግዳውን ግርጌ ይመልከቱ፤ መሐንዲስም ሲወስዱ ሻጩ ወይም ደላላው የጠቆመዎትን ሳይሆን ራስዎ መርጠው የሚከፍሉትን ይውሰዱ።

ሰነዱን በተመለከተ ረጅም ነገር አልጽፍም። የባለቤትነት ማረጋገጫው በማን ስም እንደሆነ፣ የትዳር ጓደኛ ወይም ወራሽ መብት እንዳለበት፣ በዕዳ መያዣነት ወይም በእገዳ መያዙን፣ በውስጡም በውል የሚኖር ተከራይ መኖሩን የሕግ ባለሙያ ሳያጣራ ቀብድ አይክፈሉ።

ብዙ ገዢዎችን የሚያሳስተው ግን አራተኛው ምክንያት፣ ማለትም የሰፈሩ በነዋሪዎቹ መለቀቅ ነው። «ይህን ቤት ዛሬ ለመሥራት የሚፈጀው ገንዘብ ከመሸጫ ዋጋው ይበልጣል» የሚለው አባባል ሲሰማ የማይታለፍ ዕድል ይመስላል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ግሌዘርና ጆሴፍ ጂዩርኮ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ግን የዚህን ምልክት ሌላ ገጽታ አሳይተዋል። ከተማ ሲያድግ አዳዲስ ቤቶች ይሠራሉ፤ ከተማ ሲቀንስ ግን ሰው ይሄዳል እንጂ ቤቱ አብሮት አይሄድም። ቤት ለብዙ አሥርተ ዓመታት ስለሚቆይ ፈላጊው ሲቀንስ የቤቱ ቁጥር አይቀንስም፤ በዚህም ምክንያት ዋጋው ከግንባታ ወጪ በታች ወርዶ እዚያው ሊቆይ ይችላል። ከግንባታ ወጪ በታች የሆነ ዋጋ በዚያ ቦታ አዲስ ቤት ለመሥራት ምክንያት ያለው ሰው እንደሌለ ይነግረናል። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2023 በተካሄደው የቤቶች ጥናት ዘጠኝ ሚሊዮን ያህል፣ ማለትም ከጠቅላላው 13.8 በመቶ የሚሆኑ ቤቶች ነዋሪ የሌላቸው ሆነው ተገኝተዋል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ እጅግ በርካሽ ቢቀርቡም ለረጅም ጊዜ ገዢ አያገኙም። ጣሪያን መቀየር ይቻላል፤ የሄደን ጎረቤት ግን በእድሳት መመለስ አይቻልም።

ለማከራየት ካሰቡ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ያስፍሩት። የቤቱ ዋጋ 100 እጅ፣ የስም ማዛወሪያውና የእድሳቱ ወጪ 40 እጅ፣ የወር ኪራዩ ደግሞ 1 እጅ ይሁን። ደላላው ዓመታዊ ኪራዩን ለዋጋው አካፍሎ «12 በመቶ ያስገባል» ይልዎታል። ነገር ግን ያወጡት 140 እጅ ነው፤ ቤቱ በዓመት ሁለት ወር ባዶ ቢቀመጥ ኪራዩ 10 እጅ ይሆናል፤ ለጥገና፣ ለግብርና ለመድን 3 እጅ ቢወጣ የሚተርፈው 7 እጅ፣ ማለትም ካወጡት ገንዘብ 5 በመቶ ብቻ ነው። ገንዘቡን በሙሉ በ7 በመቶ ወለድ ተበድረው ከሆነ ደግሞ በየዓመቱ ከኪስዎ እየጨመሩ ነው። ሰው ለቅቆ በሚሄድበት ሰፈር ባዶ ወራቱ ከሁለት ስለሚበልጡ፣ በእርስዎ ቦታ ብሆን ሒሳቡን አራት ባዶ ወራት አስገብቼ እንደገና እሠራው ነበር።

ጥያቄ፦ በዙሪያዬ ያሉ ሁሉ «የቤት ዋጋ አይወርድም» ይላሉ፤ የሚወጡት የአማካይ ዋጋ ዘገባዎችም ይህንኑ ያመለክታሉ። ገበያው ውድ ወይም ርካሽ መሆኑን ተራ ሰው እንዴት ሊያውቅ ይችላል?

መልስ፦ የቤት ዋጋ ይወርዳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የቤት ዋጋ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2006 ከደረሰበት ጫፍ እስከ 2012 መጀመሪያ ድረስ ከአንድ አራተኛ በላይ ወርዷል፤ በጃፓን ከተሞች የመሬት ዋጋ እ.ኤ.አ. በ1991 ገደማ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሲያሽቆለቁል ቆይቷል። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ግን ፒት አይኮልትስ የተባለ ተመራማሪ በአምስተርዳም በሄረንግራኽት ቦይ ዳር ስላሉ ቤቶች የሠራው ጥናት ነው። ከ1628 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. የተፈጸሙትን ሽያጮች መርምሮ የዋጋ ግሽበቱን ሲቀንስ፣ እነዚያ የተከበሩ ቤቶች በሦስት መቶ አርባ አምስት ዓመታት ውስጥ ዋጋቸው የጨመረው በእጥፍ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘው። ግሽበት ውድቀትን ይሸፍናል፤ የዕቃ ዋጋ ሁሉ እጥፍ ሆኖ የቤቱ ዋጋ ባለበት ከቆየ፣ ባለቤቱ ሳያውቀው የሀብቱን ግማሽ አጥቷል።

አማካይ ዋጋንም በጥንቃቄ ይዩት። ባለፈው ዓመት በብዛት የተሸጡት ትንንሽ ቤቶች፣ ዘንድሮ የተሸጡት ደግሞ ሰፋፊዎቹ ከሆኑ፣ የአንድም ቤት ዋጋ ሳይጨምር አማካዩ ያሻቅባል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ካርል ኬዝና ሮበርት ሺለር በስማቸው በሚጠራው መለኪያ ሁለት ጊዜ የተሸጠን ያንኑ ቤት ከራሱ ጋር ያነጻጸሩት ከዚህ ስሕተት ለመዳን ነው። እርስዎም በሚፈልጉት ሰፈር ሁለት ጊዜ የተሸጡ ጥቂት ቤቶችን አግኝተው በውል የተፈረመበትን ዋጋ ቢያነጻጽሩ ከብዙ ዘገባ የበለጠ ይማራሉ። የተፈረመበት ዋጋ ማለቴን ልብ ይበሉ፤ በማስታወቂያ የሚወጣው የሻጭ ምኞት ነው።

ምኞቱም በቀላሉ አይበርድም። ጀነሶቭና ሜየር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት በቦስተን የመኖሪያ ቤት ገበያ እንዳዩት፣ ከገዙበት ባነሰ ዋጋ ለመሸጥ የሚገደዱ ሰዎች ከሌሎች ከፍ ያለ ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ቤታቸውም ሳይሸጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በዚህ ምክንያት ገበያ ሲቀዘቅዝ ዋጋው ከመውረዱ በፊት የሽያጩ ቁጥር ይቀንሳል፤ ያልተሸጡት ቤቶችም በአማካዩ ስለማይቆጠሩ ዘገባው ገበያው ጤናማ እንደሆነ ይናገራል። በሚፈልጉት አካባቢ ለሽያጭ የቀረቡ ሃያ ቤቶችን ከነቀኑ መዝግበው ከሁለት ወር በኋላ ስንቱ እንደቀሩና ስንቱ ዋጋ እንደቀነሱ ይቁጠሩ። ይህን ልማድ እኔ ራሴ ይዤዋለሁ፤ አሰልቺ ቢሆንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ውድ ነው ወይስ ርካሽ የሚለውን ለመፍረድ ደግሞ ኪራይን መለኪያ ያድርጉ፤ ሰው የሚከራየው ሊኖርበት እንጂ ነገ ይወደዳል ብሎ አይደለምና። ኪራይ ባለበት ቆሞ የመሸጫ ዋጋ ብቻ እየሮጠ ከሆነ፣ ገዢዎች ለተስፋ እየከፈሉ ነው፤ «ላም አለኝ በሰማይ» እንደሚባለው ነው። ወለድም አይዘንጋ። በ20 ዓመት በሚከፈል ብድር ላይ ወለድ ከ6 ወደ 9 በመቶ ቢያድግ፣ በዚያው ወርኃዊ ክፍያ ሊበደሩ የሚችሉት ገንዘብ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ በብድር በሚንቀሳቀስ ገበያ ይህ ለውጥ ውሎ አድሮ በዋጋው ላይ መታየቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ በሐራጅ የሚሸጥ ቤት ሁልጊዜ ይረክሳል?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይረክስም። የቤቱን ትክክለኛ ዋጋ ማንም በእርግጠኝነት በማያውቅበት ጨረታ የሚያሸንፈው ከሁሉ አብልጦ የገመተው፣ ማለትም ብዙ ጊዜ የተሳሳተው ሰው ነው፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1971 በጽሑፍ ያስረዱት የነዳጅ መስክ ጨረታ የታዘቡ ሦስት መሐንዲሶች ነበሩ። በተጨማሪም በሐራጅ የሚቀርብን ቤት ውስጡን ሳያዩ እንዲገዙ ሊገደዱ ይችላሉ፤ የቀድሞው ባለቤትም ገና ይኖርበት ይሆናል፤ እሱን የማስወጣቱ ወጪና ጊዜ የገዢው ዕዳ ሆኖ የሚቀርበት አጋጣሚ አለ። ስለዚህ የመጨረሻ ዋጋዎን አዳራሹ ከመግባትዎ በፊት በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ተጫራቾቹ ከጠበቁት በላይ በዝተው ካገኙዋቸው ደግሞ የጻፉትን ይቀንሱት እንጂ አይጨምሩበት።