አልሙኒየም «ዛገ» ይባላል ወይስ «ሽፋን ያዘ»?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በአልሙኒየም ላይ ስለሚፈጠረው ተከላካይ የኦክሳይድ ሽፋን በአማርኛ ማስታወሻ ሳዘጋጅ «አልሙኒየም ይዝጋል» ብዬ ልጻፍ? «ልባጥ» ማለትስ ያስኬዳል? ሽፋኑስ «ያድጋል» ነው ወይስ «ይወፍራል»?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ «ይዝጋል» የሚለውን ለብረት ይተዉለት እላለሁ። አማርኛ ተናጋሪ «ዛገ» ሲል ብረቱ ተበላ፣ ሳሳ ማለቱ ነው፤ «ዝገት በላው» የሚባለውም ለዚሁ ነው። በጣና ዳር ካሉት ቤቶች የአንዱን የአልሙኒየም መስኮት ቀረብ ብለው ቢመለከቱ፣ የብረቱ ብሎን ቡናማ ዱቄት ሲያራግፍ አልሙኒየሙ ደብዘዝ ከማለት በቀር እንዳለ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ሁለቱም ከኦክስጅን ጋር ተዋህደዋል፤ ሆኖም የብረት ዝገት ቀዳዳ የበዛበትና የሚረግፍ በመሆኑ ውሃና አየር ወደ ውስጥ ሲያስገባ፣ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ግን ከሥሩ ጋር ጥብቅ ብሎ ስለሚጣበቅ መንገዱን ይዘጋል። ለሚያጠፋውና ለሚጠብቀው አንድ ግስ መስጠት ተማሪውን ያሳስታል። የፈላ ወተት ስልባቦት እንደሚይዝ ሁሉ «የኦክሳይድ ሽፋን ያዘ» ማለት ያምራል፣ ትክክልም ነው።

«ልባጥ» አይሆንም። የወርቅ ልባጥ ባለሙያ ከውጭ አምጥቶ የለበጠው ነው፤ ይህ ሽፋን ግን ከራሱ ከአልሙኒየሙ የሚሠራ ነው።

«ያድጋል» ስህተት ባይሆንም ቁመት ይሁን ስፋት ወይም ውፍረት አይለይም፤ እኔ «ይወፍራል»ን እመርጣለሁ። አየር ያገኘው አዲስ ገጽ ወዲያው ይሸፈናል፣ በተራ ሙቀትም ሽፋኑ ጥቂት ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ሲደርስ መወፈሩ እጅግ ይዘገያል። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ካብሬራ (Cabrera) እና ሞት (Mott) በ1949 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ ኤሌክትሮኖች ቀጭኑን ሽፋን ሾልከው ኦክስጅኑ ዘንድ ሲደርሱ በሽፋኑ ውስጥ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል፤ አዮኖችን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል የያዙ አተሞችን፣ በሽፋኑ ውስጥ እየጎተተ የሚያወፍረውም ይህ መስክ ነው። ሽፋኑ በወፈረ ቁጥር መስኩ ይደክማል። ስለዚህ «ሽፋኑ አደገና ቆመ» ከማለት ይልቅ «በወፈረ ቁጥር መወፈሩ እየዘገየ ይሄዳል» ብለው ቢጽፉ ሳይንሱም አማርኛውም ይጠበቃል።

ሽፋኑ ስለሚጠፋበት ሁኔታ ሲጽፉም ግሶቹን ይለዩ። ድስት በአሸዋ ሲፈተግ ሽፋኑ «ተፋቀ» ይባላል፤ በአመድ ውሃ ሲዘፈዘፍ ግን በአመዱ ውስጥ ያለው አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ንጥረ ነገር) ኦክሳይዱን ስለሚያሟሟው «ሟሟ» ነው እንጂ «ተፋቀ» አይደለም።