መድኃኒት በመቁጠር ብቻ «ከባድ» «ቀላል» ማለት ይቻላል?

የጠየቅከው ይህን ነው፦ «በጤና ጣቢያችን ፋርማሲ የክትትል ታካሚዎችን መድኃኒት አንድ በአንድ ማየት ጀምረናል። አምስትና ከዚያ በላይ የሚወስደውን ከባድ፣ ከዚያ በታች ያለውን ቀላል ብለን ብንመዘግብ ያስኬዳል?»

ወንድሜ፣ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ያስኬዳል። ለፍርድ ግን አይበቃም። አምስት የሚለው ቁጥር ከሜዳ አልመጣም፤ ብዙ ጥናቶች «መድኃኒት በዛ» የሚሉት ከዚያ ጀምሮ ነው። ግን እዚህ ጅማ በፋርማሲ መስኮት ላይ ስሠራ እንዳየሁት፣ ጊዜዬን የሚወስዱት ሁልጊዜ ብዙ መድኃኒት ያላቸው አይደሉም።

ስድስት ዓይነት የሚወስዱ አንድ አባት አሉ። የግፊት፣ የስኳር፣ የኮሌስትሮል። መድኃኒታቸው ከተቀየረ ቆይቷል፣ ግፊታቸው ተስተካክሏል፣ ልጃቸው ሰዓት ጠብቃ ትሰጣቸዋለች። ቶሎ ይጨርሳሉ። በሌላ ቀን ደግሞ ከደዶ አንድ ማዘር መጡ። ካርዳቸው ላይ ያለው ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉት ሁለት የግፊት መድኃኒቶች ብቻ ናቸው። «ሌላ የሚወስዱት አለ?» ስላቸው «የለም ልጄ» አሉ። «እስኪ ፌስታሉን ያሳዩኝ» አልኳቸው። ጠረጴዛው ላይ ሲዘረገፍ ከግል ፋርማሲ የተገዛ ሌላ ኢናላፕሪል ወጣ፤ የንግድ ስሙ ስለተለየ ሌላ መድኃኒት መስሏቸዋል። ለጉልበታቸው ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ አለ። ለሳል ደግሞ ሽሮፕ። ሳሉ ደረቅ ነው፣ የግፊቱን መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ የመጣ ነው። ኢናላፕሪል ደግሞ እንዲህ ያለ ሳል ያመጣል። ዳይክሎፌናኩ ከሁለቱ ጋር ሲገናኝ ኩላሊትን ለአደጋ ያጋልጣል፣ ግፊቱንም ከፍ ያደርጋል። በካርድ ሁለት፣ በፌስታል አምስት።

ስለዚህ እኔ የማየው ቁጥሩን ሳይሆን አይቼ ስጨርስ የቀረውን ውሳኔ ነው፤ በማን እጅ እንዳለም ጭምር። እዚያው መስኮቱ ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ የመውሰጃ ሰዓት ማስተካከል ከሆነ፣ ቀላል ነው። መድኃኒቱን ያዘዘውን ሐኪም ወይም ጤና መኮንን ማናገር ካስፈለገኝ ከበድ ይላል። የላብራቶሪ ውጤት መጠበቅ ሲጨመርበት ወይም ታካሚው ሁለት ሦስት ክፍል የሚከታተል ሲሆን፣ ያ ከባድ ነው። ማዘር በግልጽ ከባድ ናቸው፦ ሐኪሙም ያስፈልገኛል፣ ክሬቲኒንም (የኩላሊት የደም ምርመራ)።

ኤአርቲ ክፍል ዶሉቴግራቪር የሚባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከእኛ ለስኳር ሜትፎርሚን ሲወስድ ሜትፎርሚኑ በቀን ከ1000 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመከራል። ያው ሰው የቲቢ መድኃኒት ከጀመረ ደግሞ ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን በደም ውስጥ ያለውን የዶሉቴግራቪር መጠን ስለሚያወርድ 50 ሚሊግራሙ በቀን ሁለቴ ይሆናል። የእንክብሉ ቁጥር ብዙ አይደለም። ግን ሦስቱ ክፍሎች ካልተነጋገሩ ማንም ሙሉውን አያየውም።

ኢንሱሊንም አንድ መድኃኒት ተብሎ ይቆጠራል። ፍሪጅ የሌለበት ቤት፣ የስሪንጁን መስመር የማያይ ዓይን፣ ረመዳን ሲጨመርበት ግን አንድ አይደለም። ለረመዳን ጥያቄውን ጾሙ ከመግባቱ ከሳምንታት በፊት አንሱት፤ ብዙ ታካሚ ካልጠየቅከው አይነግርህም። ጫትም እንዲሁ። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር እንክብል ውጦ ጫት ላይ የተቀመጠ ሰው ምግብ ያስጠላዋል፣ ስኳሩም ይወርዳል። ሳትቆጣ ጠይቀው፤ ከተቆጣህማ «አልቅምም» ይልሃል፣ አበቃ።

መለኪያ ከፈለግክ እ.ኤ.አ. በ2004 አውስትራሊያ ውስጥ የወጣው ኤምአርሲአይ የሚባል የመድኃኒት አወሳሰድ ውስብስብነት መለኪያ አለ። የመድኃኒቱን ቅርጽ፣ በቀን ስንቴ እንደሚወሰድና ተጨማሪ መመሪያውን ነጥብ ይሰጣል። ለመመረቂያ ጽሑፍ አሪፍ ነው። ግን የሚለካው ታካሚው የሚሸከመውን እንጂ አንተ የምትሠራውን ሥራ አይደለም። ሰልፍ ሲረዝም ደግሞ ማን ቁጭ ብሎ ይሞላዋል?

መዝገቡ ላይ «ከባድ» ከምትል «ክሬቲኒን ይጠበቃል» ወይም «ቲቢ ክፍል ይነገር» ብለህ ጻፍ። በተቀያሪ የሚገባው ባልደረባህ ከየት እንደሚቀጥል ያውቃል። ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለታችሁ ያንኑ ታካሚ ለየብቻ ፍረዱና አስተያዩት። ፍርዳችሁ ከተራራቀ መስፈርቱ ገና አልጠራም ማለት ነው።

ለመሆኑ ክሬቲኒን እናንተ ጋ ይሠራል ወይስ ሆስፒታል ትልካላችሁ? የምትልኩ ከሆነ «ከባድ» የምትሉት ቁጥር ከኛ ይበዛል።