የአንባቢያን ጥያቄ፦ ቺንኩዌ ቴሬ ጉልበት ለሚያመው ሰው

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚላኖ ነው። እናቴ በነሐሴ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። ቺንኩዌ ቴሬን፣ የሊጉሪያ ባሕር ዳርቻ ላይ ያሉትን አምስት መንደሮች፣ ላሳያት አስቤያለሁ፤ ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ፍልሰታንም ትጾማለች። ያዋጣኛል?

መልስ፦ ያዋጣል፤ ቀኑ ግን በደንብ አልተመረጠም። ኦገስት 15 ፌራጎስቶ የሚባል በዓል ነው፤ ጣሊያን በሙሉ ባሕር ዳር የሚወርድበት ሰሞን ስለሆነ የመንደሮቹ ባቡር ውስጥ መቆሚያ ቦታ እንኳ አይገኝም። እናትዎ የሚቆዩ ከሆነ መስከረም አጋማሽ ይሻላል፦ ባሕሩ አልቀዘቀዘም፣ ጾሙም ተፈቷል። ከዚያ በላይ ግን አያቆዩት፤ የሊጉሪያ ዶፍ በጥቅምትና በኅዳር ይበረታል። ኦክቶበር 25 ቀን 2011 የወረደው ጎርፍ ቬርናዛንና ሞንተሮሶን በጭቃ ሞልቷቸው ነበር።

ከአምስቱ መንደሮች ለጉልበት የሚመቹት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። የሞንተሮሶ ጣቢያ ፊቱ ባሕር ነው፤ ደህና አሸዋ ያለውም እዚያ ነው። ቬርናዛ ከባቡር እንደወረዱ ዋናው ጎዳና ቀስ እያለ ወደቡ ድረስ ይወስድዎታል። ኮርኒሊያን ይተዉት፤ ከጣቢያው እስከ መንደሩ 382 ደረጃ አለው፣ ትንሿ አውቶቡስም ቶሎ ትሞላለች። ሪዮማጆሬና ማናሮላ አቀበት ናቸው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው «የፍቅር መንገድ» ግን አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላና ደልዳላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ድንጋይ ተንዶ መንገደኞችን ስለጎዳ ተዘግቶ በ2024 ተከፍቷል። መግቢያው በሰዓት የተከፋፈለ ስለሆነ ትኬቱን ቀድመው ይያዙ።

የቀሩትን ከጀልባ ላይ ያሳዩዋቸው። የሚሳፈሩት ከሞንተሮሶ ይሁን፤ ሪዮማጆሬ ላይ መሳፈሪያው ከዓለት ወደ ጀልባ የተዘረጋ ጠባብ መረማመጃ ነው፣ ማዕበል ሲነሳ ይወዛወዛል። ባሕሩ ከተናወጠ ጀልባው ጭራሹን ይቀራል፤ እንግዲህ መመለሻው ባቡር ነው። የወረቀት ትኬት ከያዙ ሳይሳፈሩ ጣቢያው ባለችው ማሽን ያስመቱት፤ ያልተመታ ትኬት ያስቀጣል።

በፍልሰታ መሄድ ግድ ከሆነ ፔስቶ አይቅረብ፤ አረንጓዴ ቅጠል ቢመስልም አይብ አለበት። ፋሪናታ ይዘዙላቸው፦ የሽንብራ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ፣ ጨውና የወይራ ዘይት ገብቶበት በሰፊ ትሪ የሚጋገር ነው። ሽሮ ላደገበት አፍ እንግዳ አይሆንም። ፎካቻ ሲገዙ ግን «ሴንዛ ስትሩቶ» ይበሉ፤ የአሳማ ሞራ የሚያስገቡ ጋጋሪዎች አሉ።

ጥያቄ፦ ከሞንተሮሶ ቬርናዛ በእግር ለመሄድ ነጠላ ጫማ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። መንገዱ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ወጣ ገባ የድንጋይ ደረጃ ስለበዛበት 2 ሰዓት ይፈጃል፤ ዝናብ ከነካው ያንሸራትታል። በነጠላ ጫማ የተገኘ ከ50 እስከ 2,500 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። ሶሉ የሚቆነጥጥ ሽፍን ጫማ ያድርጉ።