የገንዘብ ድራማ መሥራት ለምታስቡ ወጣቶች

ልጆች፣ ስለ ባንክና ስለ ጨካኝ ንግድ ፊልም ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ፍራንክ ካፕራ በ1932 እ.ኤ.አ. የሠራውን «አሜሪካን ማድነስ» ሰዓት ይዛችሁ እዩት። ፊልም መናገር ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር።

መጀመሪያ ሒሳቡን እወቁ። ከ100 ብር ተቀማጭ 10ሩ ካዝና ውስጥ ካለ፣ 90ው ብድር ሆኖ ወጥቷል። ባንኩ ሳይከስር፣ ከአስቀማጮቹ ሩቡ በአንድ ጠዋት ቢመጣ መክፈል ያቅተዋል። ይህን ያልገባው ጸሐፊ ወሬ እንዴት ባንክ እንደሚጥል ማሳየት አይችልም። በፊልሙ ከባንኩ የተዘረፈው 100,000 ዶላር ነው፤ ወሬው ግን በስልክ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ያብጣል። ጭካኔው ደግሞ፣ እንደኔ፣ ከዘራፊዎቹ ይልቅ የባንኩ ቦርድ ዘንድ ነው። የባንኩን ፕሬዚዳንት ማስወገድ የሚሹት የቦርዱ አባላት በጭንቁ ሰዓት ባንኩን ለማዳን የራሳችንን ገንዘብ አንሰጥም ይላሉ። ሽጉጥ ከመምዘዝ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ይከፋል።

ካፕራ 60 ሰከንድ የሚወስደውን ትዕይንት በ40 አስጨረሰው። ተዋናይ በር ከፍቶ ሲገባና ሲወጣ አያሳይም፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይናገራል። ስሜት የሚያዝባቸውን ጥቂት ትዕይንቶች ግን በተለመደው ፍጥነት ተዋቸው።

እናንተ ስትሞክሩት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፍጠኑ ሲባሉ ተዋንያን ይጮኻሉ። ቃላቱን አታሯሩጧቸው፤ በንግግሮቹ መሀል ያለውን ዝምታ ቀንሱ። ንግግር ማደራረቡም ጣጣ አለው፦ ሁለቱ በአንድ ማይክ ከተቀዱ የአንዱ ድምፅ በሌላው የፊት ቀረጻ ላይ ይገባና ኤዲተሩ መቁረጫ ያጣል። ስለዚህ መደራረቡን ከሩቅ በምትቀርጹት ላይ ብቻ አድርጉት። ፊታቸውን በቅርብ ስትቀርጹ አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቅ፤ መደራረቡን ኤዲቲንግ ላይ ትሠሩታላችሁ። የደረት ማይክ ቢኖራችሁም አትተማመኑ፣ ጎረቤቱንም ይሰማል።

ሕዝቡን በአንዴ አታጉርፉት። ካፕራ ጠዋት ካዝናው ሲከፈትና ብሩ ለየመስኮቱ ሲታደል አስቀድሞ ያሳየናል፤ በኋላ ግርግሩ ሲመጣ የትኛው መስኮት የማን እንደሆነ እናውቃለን። እናንተም ሰልፉን በሦስት ሰው ጀምሩ፤ አንዷ ደብተሯን በነጠላዋ ሸፍና ትያዝ። ገንዘብ ከፋዩ ቀና ብሎ ከኋላዋ ያሉትን ይቁጠር፣ ከዚያ የቆጠረውን ብር እንደገና ይቁጠረው።