ወርቁ ለምን ረከሰ? የጌም ገበያ ጥያቄና መልስ ከደሴ

ስለ ኦንላይን ጌም የዋጋ ንረት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጉድ አመጣችሁብኝ። የቻልኩትን እነሆ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከቧንቧ ውሃ፦ ስጀምር 200 ወርቅ (የጌሙ ገንዘብ) የነበረ ጋሻ ዛሬ 9 ሺህ ገባ። ነጋዴዎቹ ተማክረው ነው አይደል?

አይደለም። መልሱ የሰፈርህ ስም ላይ አለ፤ ቧንቧ ነው። ጭራቅ በገደልክ ቁጥር ጌሙ ወርቅ ከምንም ፈጥሮ ይሰጥሃል። የማንም ኪስ አልጎደለም። እኔ ጋሻህን በ9 ሺህ ስገዛህ ግን ወርቁ ከኪሴ ወደ ኪስህ ዞረ እንጂ አልበዛም። ስለዚህ ነጋዴውን ተወው። ስንቱ ሰው ጭራቅ ሲገድል ያድራል። ቧንቧው ሌት ተቀን ክፍት ነው፤ ገንዳው ማፍሰሻ ከሌለው ሞልቶ ይፈሳል። ጋሻው ያው ጋሻ ነው፣ የረከሰው ወርቁ ነው።

ማፍሰሻው ታዲያ ምንድን ነው?

ወርቅ ጨርሶ የሚጠፋበት ቦታ። የመሣሪያ ጥገና፣ የጉዞ ክፍያ፣ የገበያ ኮሚሽን። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለው ጌም ላይ በጨረታ ቤቱ (ተጫዋቾች እርስ በርስ የሚሻሻጡበት ገበያ) ከሸጥክ 5 በመቶው ይቆረጣል፤ ማንም አይበላውም፣ ይጠፋል። በ2018 ደግሞ 5 ሚሊዮን ወርቅ የሚያወጣ የሚጋለብ እንስሳ አመጡ፤ ጨረታ ቤቱን ጀርባው ላይ ጭኖ የሚዞር ዳይኖሰር። ሀብታሞቹን ለማለብ አሪፍ ዘዴ ነው። እኔ አልገዛሁም፤ አቅሙስ መቼ ኖረኝ!

ከኮምቦልቻ፦ ኢቭ ኦንላይን የሚባለው የጠፈር ጌም ላይ መርከብ ሲወድም ገንዘብ ጠፋ ማለት ነው?

ይቺን ጥያቄ ወደድኳት፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። የጠፋው ዕቃ ነው፣ ገንዘብ አይደለም። መርከቡን ሠርቶ የሸጠልህ ሰው የተቀበለው ገንዘብ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው። ጭራሽ ኢንሹራንስ ከገባህ ጌሙ አዲስ ገንዘብ ፈጥሮ ይክስሃል። ይሄ ሌላ ቧንቧ ነው። ግን መርከብ ባይወድም ኖሮ መርከብ ሠሪው ለማን ይሸጥ ነበር? ነገሩ እንዲህ የተጠላለፈ ነው። ጌሙን የሠራው ሲሲፒ፣ የአይስላንድ ኩባንያ፣ በ2007 ይህን የሚከታተል የኢኮኖሚ ባለሙያ ቀጥሮ ነበር።

ከሰኞ ገበያ፦ ወርቅ የሚባል ነገር ጨርሶ ባይኖርስ?

ተጫዋቹ የራሱን ገንዘብ ይፈጥራል። ዲያብሎ 2 የሚባለው ጌም ላይ ወርቁ ዋጋ ሲያጣ ሰው ስቶን ኦፍ ጆርዳን በምትባል ቀለበት መገበያየት ጀመረ። እሷም ሰው በማጭበርበር ኮፒ እያደረጋት በዛች።

ለኔ ብልሁ ጌም ፓዝ ኦፍ ኤግዛይል ነው። በ2013 ሲወጣ ወርቅ አልነበረውም። መገበያያው ኦርብ ነው፤ ኦርቡ ደግሞ መሣሪያ ማሻሻያ ነው። ተጠቀምክበት፣ ጠፋ። እንደ አሞሌ ጨው በለው። አሞሌው ከአፋር በግመል ተጭኖ ይመጣል፣ ገበያ ላይ ገንዘብ ነው፣ ቤት ሲገባ ተሰብሮ ወጥ ውስጥ ይገባል። ቧንቧውም ማፍሰሻውም እዚያው ላይ አለ። ጠገራ ብርም ቢሆን ቀልጦ አምባር ይሆን ነበር። የጌሙ ወርቅ ግን አይበላ፣ አይጌጥ።

ወርቅ በብር ብገዛ ያዋጣኛል?

አያዋጣህም። እኔ አንዴ ከአንድ ሻጭ ገዛሁ፤ በሦስተኛው ቀን አካውንቴ ተዘጋ። የሁለት ዓመት ልፋት ገደል ገባ። ሕጉን እያወቅኩ ነው ያደረግኩት፣ ማንን እወቅሳለሁ? ሻጮቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቦት (በሰው ፈንታ ራሱ በሚጫወት ፕሮግራም) ነው የሚሠሩት። ቦት እንቅልፍ የለውም፤ ወርቅ ሲያሳድድ ቧንቧውን ያሰፋዋል። ቅጠልና ማዕድን ሲለቅም ግን የቅጠሉ ዋጋ ይወርዳል። ሁሉም ቦትን ይረግማል፣ ርካሹን ቅጠል ግን ይገዛል።

ባግ (የጌሙ ፕሮግራም ስህተት) ገበያውን ሊያፈርሰው ይችላል?

በደንብ ነው እንጂ። ግንቦት 2013 ዲያብሎ 3 ላይ አዲስ አፕዴት ወጣ። ተጫዋቾች ወርቅ ለጨረታ አቅርበው መልሰው ሲሰርዙት ካስቀመጡት በላይ ይመለስላቸው ነበር። ወሬው እንደ እሳት ነው የተዛመተው። ኩባንያው ጨረታ ቤቱን ለጊዜው ዘጋው። በመጋቢት 2014 ደግሞ ጨርሶ ተዘጋ። ይሄኛው በባጉ ሳይሆን፣ ሰው ዕቃ ከጭራቅ ማግኘቱን ትቶ ከጨረታ መግዛት ስለለመደ ነው።

ዘንድሮ ጀምሬ ሁሉም ነገር ተወደደብኝ። ልተወው?

አብሽር። ከጭራቅ የምታገኘው ወርቅ ድሮ የተተመነ ነው፤ እንደ መንግሥት ደሞዝ፣ ገበያው ሲሮጥ እሱ ቁጭ። ስለዚህ ወርቅ አታሳድድ። ቅጠልና ማዕድን ልቀም፤ የሚገዙህ ሀብታሞቹ ናቸው፣ በዛሬ ዋጋ። ያገኘኸውን ወርቅ ደግሞ አታሳድረው፣ የሚያስፈልግህን ዕቃ ግዛበት።

ቅዳሜ ጌም ቤት ትመጣለህ?

መብራት ካለ።